አታ አሳንኩል እጃቸውን እስኪያወርዱ

ሳቢራ እባላለሁ፤ በመንደራችን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም። ሰባት ኮምፒውተሮች አሉኝ። ሁለቱ ደስ ሲላቸው ብቻ ይሠራሉ፤ የቀሩት አምስቱ ደግሞ ከተራራው በሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት እንደኔ ጉልበት ቶሎ አይነሱም። እንግዲህ በእነዚህ ነው ልጆችን ከሞት የሚያድን የቪዲዮ ጨዋታ ሠራሁ ብዬ መንደሩን ስበጠብጥ የከረምኩት።

ከሞት ስል ቀልዴን አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ሜደርቤክ የሞተው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከድግስ ሲወጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ዘመዳችን ቮድካውን ግጥም አድርጎ ጠጥቶ መሪ ጨበጠና «ና ግባ!» አለው። ሜደርቤክ ሰውዬው መስከሩን አይቷል። እኔም አይቻለሁ። ግን ባይኬ፣ ማለት ታላቅ ወንድም፣ ና ካለ ይመጣል፤ እኛ አገር «አልመጣም» የሚባል ነገር የለም። እኔስ ምን አደረግሁ? አፌን ዘግቼ፣ ቦርሶክ፣ ያቺን በዘይት የምትጠበስ ትንሽዬ ዳቦ፣ በፌስታል ቋጥሬ በመኪናው መስኮት አቀበልኩት። ትኩስ ነበረች። የተራራው መንገድ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ወንዝ ገቡ።

ልጁ ቤጊማይ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ለሥራ ከአገር ወጥታ እዚያው ሌላ ትዳር ያዘች፤ አልፈርድባትም። እኔም የወለድኩት ስለሌለኝ ልጅቷ ከእኔና ከአባቴ ጋር አደገች። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል። አሥራ አምስት ማለት ዘመድ ሁሉ «ነይ ግቢ፣ እናንሸራሽርሽ» የሚልበት ዕድሜ ነው። አንድ ቀን አንድ የሰከረ ባይኬ ይጠራታል። ያን ቀን እኔ አጠገቧ አልሆንም፤ ወይም አጠገቧ ሆኜ እንዳለፈው ምላሴ ይታሰራል። ጨዋታውን የሠራሁት ለዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስምህን ትጽፋለህ። ከዚያ ቆብ የደፋ አንድ ልጅ ድግስ ላይ ይታያል። ባይኬው እየተንገዳገደ ይመጣና «ግባ፣ ወደ ላይ እንውጣ» ይለዋል። ከታች ሦስት ምርጫ አለ፦ «እገባለሁ»፣ «አልገባም»፣ «ዝም እላለሁ»። ከገባህ መኪናው ይሄዳል፣ ጥምዙ ይመጣል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ዝም ካልክም ያው ነው፤ ዝም ያለ ገብቷል ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። «አልገባም» ካልክ ደግሞ ወርቃማ ኮከብ ይወጣና መቶ ነጥብ ታገኛለህ።

ሃያ ሁለት ተማሪዎች ተጫወቱ፤ ሃያ ሁለቱም መቶ አገኙ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ርዕሰ መምህሩን እጁን ይዤ እየጎተትኩ አምጥቼ አሳየሁት። «መቶ በመቶ!» አልኩት። «ጎበዝ» አለኝና የአባቴ ፈረስ የባንዲራው ምሰሶ ላይ መታሰሩን እንዳስቆም ለመቶኛ ጊዜ አሳሰበኝ።

ቤጊማይ ግን ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ ወንበሯ ላይ ቀረች።

«ኤጄ» አለችኝ። ክፍል ውስጥም ቤት ውስጥም እንዲህ ነው የምትጠራኝ፤ ታላቅ እህት እንደ ማለት ነው። «አይቆጡም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ጨዋታው ውሸታም ነው።»

ደሜ ፈላ። ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪጠፋ የለፋሁበትን! «ምኑ ነው ውሸቱ?» አልኳት።

«ሁላችንም ‹አልገባም›ን የተጫንነው መልሱ እሱ መሆኑን ስላወቅን ነው። ነጥቡን ፈልገን። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎ በሕይወትዎ ባይኬን ዓይን ዓይኑን እያዩ ‹አልገባም› ብለው ያውቃሉ?»

ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። ለዚች ልጅ መልስ መስጠት ከባድ ነው፤ አባቷም እንዲሁ ነበር።

በማግስቱ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። «እሺ፣ ጨዋታዬ አይረባም አሉ» አልኳቸው። «እናንተ አዋቂዎቹ ንገሩኝ። መግባት ሳትፈልጉ የሰከረ ታላቃችሁ ግቡ ቢላችሁ፣ በእውነት ምንድን ነው የምታደርጉት?»

ቶክቶሱን የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ እጁን አወጣ። «ኤጄ፣ እኔ ያስመልሰኛል እላለሁ። ስለ ወንበሩ ጨርቅ ይፈራሉ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ማን ያቁማቸው! አንዷ «ቤት እየጠሩኝ ነው ብዬ ስልኬን ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ» አለች። ሌላው «ጫማዬ ጠፋ እላለሁ» አለ። «ጫማህን አድርገህ?» ቢሉት «አንዱን እደብቀዋለሁ» አለ። እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይጮኻሉ። ለካ እነዚህ ልጆች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል! ልባቸው አልገባም ካለ ቆይቷል፤ የሚቸግራቸው ማንንም ሳያዋርዱ የሚወጡበት በር ነው።

«እኔ ደግሞ» አለ ቶክቶሱን ሳቁ ጋብ ሲል፣ «ሽማግሌ ይመርቁን እላለሁ። ሽማግሌ መመረቅ ከጀመሩ ሞተሩም ይበርዳል፣ ቮድካውም ይበርዳል።»

ሁሉም ሳቁ፤ እውነቱን ነዋ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መመረቅ ከጀመሩ የተነሳው ይቀመጣል፣ የቆመውም ባለበት መዳፉን ይዘረጋል። ሽማግሌው «ኦሚን» ብለው ፊታቸውን አብሰው እጃቸውን እስኪያወርዱ ድረስ ንቅንቅ የሚል የለም። መኪና ቢቃጠልም እንኳ መጀመሪያ ኦሚን ነው።

ቤጊማይ ብቻ አልሳቀችም። አያቷ፣ አባቴ ማለት ነው፣ መንገደኛ መመረቅ ከተዉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እንግዳ ሊነሳ ሲል ቀድመው ተነስተው ወደ በጎቹ ጉረኖ ይሄዳሉ። መንደሩ ነገሩን ያውቃል፤ አንድም ሰው አይጠይቃቸውም። እኔም ሐዘን ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ያም ሆኖ የልጆቹን ሐሳብ ሁሉ አስገባሁ፤ ምርቃቱም አንዱ ምርጫ ሆነ።

አባቴ አታ አሳንኩል ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አታ የሚላቸው መንደሩ ሁሉ ነው፤ አያት እንደ ማለት። ሜደርቤክ ከሞተ ወዲህ መኪና ውስጥ አይገቡም፤ ቤጊማይንም ማንም መኪና እንዲያሳፍራት አይፈልጉም። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በፈረስ ይወስዷታል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጃገረድ ከሽማግሌ ኋላ ፈረስ ላይ! ጓደኞቿ ይስቁባታል፣ እሷ ግን አንድም ቀን «አፈርኩ» ብላ አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ብርዱ ጠንቶ ስለነበር «ውስጥ ይጠብቁ» ብዬ አስገባኋቸው። ልጆቹ አዲሱን ጨዋታ እየሞከሩ ነው። ቤጊማይ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«አታ፣ ይሞክሩት።»

«ይሄ ቆብ ያደረገው ማነው?» አሉ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ እያወረዱ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ስንት ዓመቴ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«እሰይ! ጉልበቴን ነካክቼ ልየው» አሉ። ልጆቹ ሳቁና ከበቧቸው።

ባይኬው እየተንገዳገደ መጣ። ቤጊማይ ምርጫዎቹን አነበበችላቸው። አባቴ አንድ አፍታም አላሰቡ፤ በወፍራም ጣታቸው «እገባለሁ»ን ተጫኑ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ምን ሆነ?»

«ሞቱ፣ አታ» አለ ቶክቶሱን።

«ሞትኩ? ገና አሁን መጣሁ እኮ! መልሰው።»

መለስነው። እንደገና ገቡ፤ እንደገና ሞቱ። «ባይኬው እየጠራው እንዴት ይቅር?» እያሉ ከጨዋታው ጋር ይከራከራሉ። ሦስተኛ ጊዜ ገቡ። አራተኛ ጊዜ ገቡ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አምስተኛው ላይ ግን ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ልጅ ብዙ ጊዜ አዩት። ሳቁም ቀስ በቀስ ሞተ።

«ሌላም ምርጫ አለ አታ» አለች ቤጊማይ በለሆሳስ። «ይቺ፣ ‹ሽማግሌ ይመርቁን› የምትለው።»

«እሷን አትንኪ!» አሉ። ድምፃቸው ልጆቹን አስደነገጣቸው። ተነሱ፣ ቆባቸውን ደፉ፣ ወጡ። ቤጊማይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከተለቻቸው። በመስኮት ሳይ ፈረሱን ለመፍታት አቅቷቸው እሷ ፈታችላቸው።

የዚያን ዕለት ከቤት ስደርስ አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ አልነኩትም።

«ሳቢራ» አሉኝ። «ያን ቀን ሜደርቤክ ወደ እኔ ተመልሶ መጥቶ ነበር።»

«የቱ ቀን?» አልኩ፤ የቱን ቀን እንደሆነ እያወቅሁ።

«‹አባዬ፣ ነገ ብሄድስ?› አለኝ። ገብቶኝ ነበር። ሰውዬው መስከሩን እኔም አይቻለሁ። ‹ታላቅህ መኪና አስነስቶ እየጠበቀህ? በሰው ፊት አታዋርደኝ› አልኩት። ከዚያ እጄን ዘረጋሁና ‹መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ› ብዬ መረቅሁት። በእነዚህ እጆቼ።» እጆቻቸውን አዩአቸው። «በእነዚህ እጆች ከዚያ ወዲያ ማንን ልመርቅ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ምድጃ ዳር፣ ይሄን ብቻቸውን ተሸክመው! እኔ ደግሞ የኔን ብቻዬን። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና፣ «አባዬ፣ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ» አልኳቸው። «ቦርሶክ በመስኮት አቀበልኩት። ትኩስ ነው፣ ሳይበርድ ብላ ነው ያልኩት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።» እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። ቤጊማይ በሩ ሥር ቆማ እንደነበር ያየሁት ዘወር ስል ነው። መጥታ መሀላችን ተቀመጠችና የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ድግስ ተጠራን። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ መራመድ ጀምሮ ነበር። እኛ ዘንድ ሕፃን መራመድ ሲጀምር እግሮቹ በክር ይታሰሩና ልጆች ይሮጣሉ፤ ያሸነፈው ክሩን ይቆርጥለታል፤ ከዚያ ወዲያ ሳይደናቀፍ ይሄዳል ይባላል። ሩጫውን ቤጊማይ አሸነፈች። ክሩን ስትቆርጥ ሕፃኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቁጭ አለ፤ ግቢው በእልልታ ተናጋ። እኔ የሥጋው ድስት ላይ ጭልፋ ይዤ ተሹሜያለሁ፤ ቁጡ ሰው ድስት አያሳርርም ብለው ነው መሰለኝ።

ቀትር ሲያልፍ የድግሱ ባለቤት ታላቅ ልጅ ኩባት ተነሳ። ከዋና ከተማው በነጭ መኪና የመጣ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ደግ ልጅ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ ሳይጠጣ ማር ነው። ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ነበር። ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ቀልጧል።

«ሴቶች!» አለ ቁልፉን እያንቃጨለ። «አሸናፊዋን ይዘን ወደ ላይ እንወጣለን። በረዶው ላይ ፎቶ አነሳችኋለሁ!»

ሁለት ልጃገረዶች እየተንጫጩ ኋላ ወንበር ላይ ገቡ። በሩ ለቤጊማይ ክፍት ቀረ።

እኔ ከግቢው ማዶ ነኝ። ሁሉን አያለሁ። ሮጬ ልጮህ ፈለግሁ። ግን ያው መኪና፣ ያው ክፍት በር፣ ያው የሰው ጫጫታ፤ እግሬ መሬት ላይ ተተከለ፣ ምላሴ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። በሰው ድግስ የባለቤቱን ልጅ ሰክረሃል ብሎ ማዋረድ ደግሞ ሁለት ቤተሰብ ያቆራርጣል። ሳቢራ ቁጡዋ! ዋጋ ቢስ።

«ባይኬ» አለች ቤጊማይ፤ ድምጿ እስከ እኔ ይሰማል። «እኔን መኪና ያስመልሰኛል።»

«በመስኮት ትተፊያለሽ!» ብሎ ሳቀ። «መስኮት እኮ ለዚህ ነው የተሠራው!»

«ኤጄም እየጠሩኝ ነው።»

«ሳቢራን እኔ አናግራታለሁ፤ ትወደኛለች።» ትከሻዋን ያዝ አድርጎ ወደ በሩ መራት። ክፋት የለበትም፤ ሟቹ ዘመዳችንም ክፋት አልነበረበትም። የቤጊማይ አንድ እግር መኪናው ላይ ወጣ። የጨዋታዬ ምርጫ አንድ በአንድ ሲያልቅ አየሁ።

ከዚያ እግሯን አወረደች።

«ባይኬ፣ ሳንመረቅ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለች። «ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ተቀምጦ? ሰው ምን ይለናል?»

ኩባት ቆመ። የሰከረ ቢሆንም ያደገበትን አልረሳም። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለ። «በሉ ቶሎ ይመርቁን።»

ቤጊማይ ዞረች። ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባቴ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው አይመርቅም። እሳቸው ደግሞ እንደ ልማዳቸው መንገደኛ መነሳቱን ሲያዩ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጉረኖው ለመሄድ ተነስተዋል። ልጅቷ ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አታ» አለች። «ይመርቁን።»

ግቢው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ሁሉም ያውቃላ። አባቴ መኪናውን አዩ። የኩባትን ፊት አዩ። ከዚያ ቤጊማይን አዩአት፤ ብዙ ቆዩ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም። ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን አጠገባቸው አስተኙ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። መኪናው ውስጥ ያሉት ልጃገረዶች ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ኩባትም ዘረጋ፤ ቁልፉ ከትንሿ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

አባቴ ጀመሩ። ሕፃኑን መረቁ፤ እግሩ እንዳይሰናከል። የሕፃኑን እናትና አባት መረቁ። ከዚያ የኩባትን ሰባት ትውልድ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ አንድ በአንድ ጠርተው መረቁ። ከዚያ ከብቱን። ከዚያ በጎቹን። ከዚያ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ የመኪናውን ጎማዎች አራቱንም ለየብቻ መረቁ። ሻዩ በረደ። የሽማግሌዎቹ ክንድ መዛል ጀመረ፤ ግን አንዱም አላወረደም። ቶክቶሱን በድስቱ በኩል ተጠግቶ፣ «ኤጄ፣ ለዚህ ስንት ነጥብ ነው የሰጠነው?» አለኝ በሹክሹክታ። «ዝም በል» አልኩት። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከዚያ መንገዱን መመረቅ ጀመሩ። «የመጀመሪያው ጥምዝ ይስፋላችሁ። ሁለተኛው ጥምዝ ይድረቅላችሁ። ሦስተኛው…» እዚያ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። እጃቸው ግን አልወረደም። «ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ልጄ አለ» አሉ። «ሜደርቤክ። ‹ነገ ልሂድ› ብሎኝ ነበር። እኔ አልዋረድም ብዬ ልጄን ላክሁት። አንድዬ ይቅር ይበለኝ። ከእንግዲህ በዚህ መንደር ነገ ልሂድ ያለን ልጅ፣ እሺ የሚል አባት ይስጠው።»

የኩባት ክንዶች ዝለዋል። ራሱን ወደ ደረቱ ደፍቷል። ቁልፉ ጣቱ ጫፍ ላይ ይወዛወዛል።

እግሬ የተፈታው ያኔ ነው። ምርቃት መሀል አይነቀነቅም፤ እኔ ተነቃነቅሁ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ያን ሁሉ የተዘረጋ እጅ አልፌ ሄድኩና ቁልፉን ከጣቱ ላይ ወሰድኩት። «ኩባትዬ፣ ሰክረሃል» አልኩት፤ ሁሉም እየሰማ። «ልጆቹ አይሄዱም። አንተም አትሄድም፤ አንተም የኛ ልጅ ነህ።» ስድስት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የከረመው ቃል ወጣ። ተመልሼም ቁልፉን የት እንደማደርገው ግራ ቢገባኝ ሥጋው ድስት ውስጥ ጨመርኩት።

«ኦሚን» አሉ አባቴ። ፊታቸውን አበሱ። እጃቸውን አወረዱ።

ግቢው ሁሉ «ኦሚን» አለ። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም፤ ቶክቶሱን ይመስለኛል። ኩባት ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። አባቴ እግር ሥር ተንበረከከና «አታ፣ በጣም ሰክሬያለሁ እንዴ?» አለ።

«በጣም፣ የኔ ልጅ» አሉት። «ና እዚህ ተኛ።» ምንጣፉ ላይ፣ ጉልበታቸው አጠገብ እንደ ሕፃኑ ጥቅልል ብሎ ተኛ። ቁልፉን በማግስቱ ከአጥንቱ ጋር አወጣነው፤ ተቀቅሏል። ሌላ ቁልፍ ከከተማ እስኪመጣለት አራት ቀን ቆይቶ የአባቱን ጉረኖ ጠገነ።

ሰኞ አባቴ ሳይጠሩ ክፍል ገቡ። ቤጊማይ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ስምዎን ይጻፉ ሲላቸው በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ የክፍለ ጊዜውን ግማሽ ፈጁት። የጻፉት «ሜደርቤክ» ነው። ልጆቹ አዩ። ባይኬው መጣ። አባቴ ‹ሽማግሌ ይመርቁን› የምትለውን ተጫኑ። መኪናው ሳይሄድ ቀረ፣ ኮከቡ ወጣ፣ መቶ ነጥብ።

አባቴ ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ።

«ከዚያስ?» አሉ።

«አለቀ አታ፣ አሸነፉ» አልኳቸው።

«ልጁስ? ቤቱ አልገባም እኮ።»

ስንት ዓይነት ሞት ጽፌ፣ ቤት መግባትን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ለካ እኔ ራሴ ከዚያ ጥምዝ አልፌ አላውቅም።

ቤጊማይ አጠገባቸው ቆማ የጨዋታውን ቀጣይ መጻፍ ጀመረች። ደወሉ ተደወለ፤ ማንም አልወጣም። ቡኒ በር ሣለች፤ ትንሽ ጠማማ፣ ልክ የኛን በር። ከዚያ «አሁን ይጫኑት» አለቻቸው።

ተጫኑት። በሩ ተከፈተ፣ ቆብ የደፋው ልጅ ገባ፣ ከሥሩም ጽሑፍ ወጣ። አባቴ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ሜደርቤክ ቤቱ ገባ። ልጁ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። ኤጄ የሰጠችው ቦርሶክ ገና ትኩስ ነው።»